ግራው የተፈቀደ፣ ቀኙ የተከለከለ

ሰኞ 2

«ችግሩ አፍንጫው ነው። ሌላ ምንም የለብንም።»

ሚስቴ ለእህቷ በስልክ የተናገረችው ይህን ነው፣ ቃል በቃል። እያዳመጥኩ አልነበረም። በኮሪደሩ ሳልፍ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ጎንበስ ብዬ ነው። (ያደረግኩት ነጠላ ጫማ ነበር፤ ይህ ግን የሰማሁትን አይለውጠውም።)

ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ችግራችን ስንት እንደሆነና የት እንደሚገኝ እንዲህ በጠራ ቋንቋ ተነግሮኝ አያውቅም። አንድ ነው። የሚገኘውም ፊቴ መሐል ነው፤ ለመፈለግ አያስቸግርም።

ደብተሩን ማንም ስለማያየው በግልጽ ልጻፈው። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ከቆምኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ደንበኞች «ዶክተር» ይሉኛል፤ ጊዜ ካለኝ አርማቸዋለሁ። የአፍንጫ መክፈቻ ርጭት ለሚገዛ ሁሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ከአምስት ቀን በላይ እንዳይጠቀሙበት» እላለሁ። እኔ ራሴ መጠቀም ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር አልፎኛል። ስረጨው አፍንጫዬ ይከፈታል፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከበፊቱ ብሶ ይደፈናል፤ እንደገና እረጫለሁ። ሌሊት አፌን ከፍቼ አንኮራፋለሁ። ሳላንኮራፋ ደግሞ ጠርሙሷ በጨለማ «ፍስ» ትላለች። ሚስቴ ከሦስት ወር በፊት ትራሷን ይዛ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክፍሉ ውስጥ የስፌት መኪናዋ፣ ጨርቋና አንድ አሮጌ ሶፋ አለ። «ለጊዜው ነው» ብላኛለች።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። አፍንጫው ይድናል፣ ትራሱ ይመለሳል። የወሩን ስም አልጽፍም፤ ከዚህ ወር አያልፍማ።

ማክሰኞ 3

ቆጠራ። ኮት ኪስ፣ አንድ። አልጋ ራስጌ፣ ሁለት (አንዷ ባዶ ናት፤ ለምን እንዳስቀመጥኳት አላውቅም)። መታጠቢያ ቤት፣ አንድ። ሥራ ቦታ መሳቢያ፣ አንድ። ከመዝገበ ቃላቱ ሦስተኛ ቅጽ ጀርባ፣ አንድ። የታጠፈው ጃንጥላ ውስጥ፣ አንድ።

ሰባት።

ከራሴ መድኃኒት ቤት አልገዛም። ፈረቃ የምጋራት ባልደረባዬ፣ ተረኛዋ፣ ከመደርደሪያ አንዲት ጠርሙስ ብትጎድል በሽታ ነው የሚይዛት። ስለዚህ ኮፍያ አድርጌ ከድልድዩ ማዶ እሄዳለሁ። እዚያ ያለው ሰውዬ ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለአባቴ» እላለሁ። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰውዬው ካርቶኑን እየሰጠኝ «አባትዎ ሐኪም ቢያያቸው ደግ ነበር» አለኝ። ከልቡ ነው ያዘነው። እሺ፣ አሳያቸዋለሁ አልኩት።

ረቡዕ 4

አባቴን አሳየሁ።

የአፍንጫ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ አፍንጫዬ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች። ልትከራየው አስባ ይሆን ብዬ እስክጠራጠር ድረስ።

«ምን ያህል ጊዜ ይጠቀማሉ?»

«አልፎ አልፎ።»

«አልፎ አልፎ በቀን ስንት ጊዜ ነው?»

ስምንት አልኩ። ጻፈችው። ውስጡ ቀልቶ አብጧል አለች፤ መድኃኒቱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ ይከፍተዋል፣ ሲለቅ እነሱ ብሰው ያብጣሉ፣ አሁን በሽታውም መድኃኒቱም ያው አንዷ ጠርሙስ ናት። እዚህ ላይ ቆም ብላ ለባለሙያ ማስረዳቷ እንደሚያሳፍራት ነገረችኝ።

«ያስረዱኝ» አልኳት። «እኔ ለሰው ስናገር አልሰማም።»

ሕክምናው እንዲህ ነው። አንድ አፍንጫ በአንድ ጊዜ። ቀኙ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ምንም ቢሆን አይረጭበትም። ግራው ለጊዜው ተፈቅዶለታል፣ ጠዋትና ማታ ብቻ። ቀኙ ሲከፈት ግራውም ይከለከላል። ለሁለቱም በቀን አንዴ እብጠት የሚቀንስ ሌላ ርጭት አዘዘችልኝ፤ እሱ ቶሎ አይሠራም፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ሰው ደግሞ የሚሸነፈው በዚያ መሐል ነው። ከዚያ የጨው ውሃ ማጠቢያ፣ ሲተኙ ሁለት ትራስ።

አሥራ አራት ወር ዓይኔን በጨው አጥቤ ስዋሽ ነበር። ከነገ ጀምሮ አፍንጫዬን ነው።

ሐሙስ 5

ለራሴ እንደ ማንኛውም ታካሚ ተለጣፊ ወረቀት ጻፍኩ፦ «ግራ አፍንጫ ብቻ። ጠዋትና ማታ።» ሠንጠረዥም ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አስተያየት፣ የምስክር ፊርማ። ሚስቴ ሻይዋን ይዛ ቆማ አነበበችው።

«ምስክሩ ማነው?»

አንቺ ነሽ አልኳት። እስክሪብቶ ፈልጋ ፈረመች። በጥሩ መንፈስ ነው የፈረመችው፤ ወይም ፈጥና።

ከዚያ ተቀምጣ አንድ ነገር ልትነግረኝ እንደምትፈልግ ተናገረች። ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ሱቅ አግኝታለች። ደንበኞቿ ቤት ድረስ መምጣት ይከብዳቸዋል። ከታች ሱቅ ነው፣ ከላይ ደግሞ... እዚህ ላይ ቀኝ አፍንጫዬ ጥርቅም አለ። በመድኃኒት ካልሆነ እንዴት እንደሚከፈት እያሰብኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ስትጨርስ «ጥሩ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ሻይዋን ይዛ ገባች። ሱቅ ጥሩ ሐሳብ ነው። ቤት ውስጥ ቦታ ይለቃል።

እሑድ 8

ቀኙ ዝግ። ግራው ግማሽ። ተቀምጬ ነው የተኛሁት። አፌ እንደ ካርቶን ደረቀ።

ጥርስህን ነክሰህ ቻለው ይባላል። ይህን ያለ ሰው በአፍንጫው የሚተነፍስ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ። በግድግዳው በኩል የስፌት መኪናዋ ድምፅ። ገብቼ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ክሬም ቀለም ያለው መጋረጃ ጠርዙን እየሰፋች ነበር። ስፋቱን ጠየቅኋት፤ ሰው በሚስቱ ሥራ ፍላጎት ማሳየት አለበት።

«ለአንድ ሜትር ከአሥር በአንድ ሜትር ከሃያ መስኮት።»

«ትንሽ መስኮት ናት። የማን ናት?»

«የአንዲት ሴት» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

ሴትየዋ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው ማለት ነው። እንደ እኛ ዓይነት ሰፊ መስኮት ያለው ሰው ዕድለኛ መሆኑን አያውቅም አልኳት። ስፒል ከጨርቁ ነቅላ በከንፈሯ ያዘች።

ማክሰኞ 10

መምህርቷ መጣች። በየሳምንቱ ማክሰኞ የአፍንጫ መክፈቻ የምትገዛ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ስንት ማክሰኞ እንደሆነ ተረኛዋ መዝገብ ሳታይ ትነግራችኋለች። ሁሉንም የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ሁልጊዜም «ከአምስት ቀን በላይ እንዳይጠቀሙበት» እያልኩ። በሰባተኛው ቀን ትመጣለች።

ዛሬ እንደማልሸጥላት ነገርኳት።

«እንዴ ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት ሰጥተውኝ የለም እንዴ?»

ባለፈው ሳምንት ተሳስቼ ነው አልኳት። ከዚያ በፊት በነበረውም እንደዚሁ። የሐኪሟን አድራሻ ጻፍኩላት፤ የጨው ውሃውን አሳየኋት፤ አንድ በአንድ እንዴት እንደሚተው አስረዳኋት። ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደልማዴ በባንኮኒው ማዶ ፊቷ ላይ እየጠቆምኩ። መምህርቷ አልተቆጣችም። አንገቷን ሰበር አድርጋ ድምፄን አዳመጠች፤ «ም» ስል «ብ» እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ።

«እርስዎም ነዎት እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ተረኛዋ የደም ግፊት መድኃኒት መደርደር አቆመች።

«ስድስተኛ ቀኔ ነው» አልኩ። ባንኮኒ ጀርባ እውነት የተናገርኩበት ቀን ሆኖ ይመዝገብ። በኋላ ተረኛዋ ሳልጠይቃት ሻይ አመጣችልኝ፤ እንፋሎቱን ሳበው ብላ።

ሐሙስ 12

ሠንጠረዡ የሚያምር ነው። ስምንት ቀን፣ አንድም ግድፈት የለበትም፤ በየመስመሩ የሚስቴ ፊርማ አለ። (ፊርማዋ እያጠረ መጥቷል። መጀመሪያ ሙሉ ስም ነበር፤ አሁን አንድ ጭረት ነው።)

አፍንጫው ግን አልተሻለውም። ሁለቱም እንደ ድሮው ናቸው። የጠረጠርኳቸው በቅደም ተከተል፦ ሐኪሟ፣ የመድኃኒት ፋብሪካው፣ አየሩ፣ የጎረቤት ድመት። ራሴን አልጠረጠርኩም። ሠንጠረዥ አለኛ።

ቅዳሜ 14

መጻፍ ያሳፍራል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት መታጠቢያ ቤት፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ የተፈቀደልኝን ስረጭ ሚስቴ ማበጠሪያዋን ልትወስድ ገባች። በሩ ላይ ቆመች።

«የተፈቀደልህ ግራው አይደለም እንዴ?»

«ግራው ነው።»

«ያ እኮ ቀኝህ ነው።»

ሳቅሁባት። እንዲህ ብዬም አስረዳኋት፦ ሰው ከፊትሽ ሲቆም ግራው በአንቺ ቀኝ በኩል ነው የሚሆነው፤ ይህ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በባንኮኒ ማዶ ለሰው «ግራ ዓይንዎ»፣ «ቀኝ ጆሮዎ» እያልኩ የጠቆምኩት እንዲህ ነው፣ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ግራ አፍንጫ በጣቴ አሳየኋት።

ሚስቴ ቀኑን ሙሉ ሰው መስታወት ፊት አቁማ የምትለካ ሴት ናት። ማበጠሪያዋን አስቀመጠች፤ ጠርሙሷን የያዘውን እጄን በሁለት ጣቷ ያዘችና ከፍ አደረገችው።

«ይሄ የትኛው እጅህ ነው?»

«ቀኝ።»

«በየትኛው በኩል ነው የያዝከው?»

እጄን አየሁ፣ ከዚያ መስታወቱን።

«መስታወት ውስጥ ያለው አንተ ነህ» አለች። «ደንበኛህ አይደለም።»

ስለዚህ አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት የተከለከለውን ቀኝ ስረጭ፣ ማታ ማታ ያለመስታወት፣ አልጋ ላይ፣ የተፈቀደውን ግራ ስረጭ ነበር። ሁለቱም እኩል ጠጥተዋል። አንዱም አላረፈም። የዓለምን የመድኃኒት ሥነ ጽሑፍ ብታገላብጡ ይህን የሠራ ሰው አታገኙም፤ ሠርቶ የጻፈ ማለቴ ነው።

ሚስቴ ሳቀች። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜ እንደሆነን ለማስታወስ ሞከርኩ። ከእኔ ቀድማ አቆመች።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

በፍቅር ነው ያለችው። ጠቃሚ ምልክት ነው። አስተያየት በሚለው ዓምድ ጻፍኩት።

ሰኞ 16

እንደገና ሁለተኛ ቀን። አሮጌውን ሠንጠረዥ ቀድጄ አዲስ ለጠፍኩ።

ሚስቴ ከክሬሙ መጋረጃ የተረፈ ክር ቆርጣ የቀኝ እጄ ትንሽ ጣት ላይ አሰረችልኝ። «ክር ያለበት በኩል አይነካም። መስታወት አትመልከት፤ እጅህን ተመልከት» አለችኝ። ልብስ ሰፊዎች ሁለት እጅጌ እንዳይምታታባቸው የሚያደርጉት ነው መሰለኝ። እንዴት ያለ ቀላል ነገር። እኔ ለዚህ ስድስት ዓምድ አስምሬ ነበር።

ሐኪሟ ጋ ደውዬ ነገርኳት። ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ ለተማሪዎች ታሪኩን ብትናገረው ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ረቡዕ 18፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

ቀኙ ግንብ ነው። አምስተኛ ሌሊት። ሐኪሟ ሰው የሚሸነፍበት ያለችው ይህን መሆን አለበት። ጠርሙሷ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እደርስባታለሁ። አንድ ርጭት ብቻ፣ ማንም አይሰማም፣ ሠንጠረዡም አይናገርም። ብድግ ብዬ እስክሪብቶ ያዝኩ። እጄ ሥራ ካገኘ ይተወኝ ይሆናል።

ማታ በስፌት ክፍሉ በር ሳልፍ (ነጠላ ጫማ) ለእህቷ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ነግሬዋለሁ እኮ። ሁለቴ ነግሬዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል።»

ስለ ጨው ውሃው መሆን አለበት። ጎንበስ ብለህ አፍስሰው ብላኝ ነበር፣ እኔ ቀጥ ብዬ ነው የማፈሰው። ነገ እንደነገረችኝ አደርጋለሁ።

ሐኪሟ መቼ እንደጀመረኝ ጠይቃኝ ወሩን ብቻ ነግሬያት ነበር። የታካሚ ታሪክ ሙሉ መሆን ስላለበት የቀረውን እዚህ ልጻፈው። የሚስቴ እናት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጉንፋን የያዘኝ እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። በሽተኛ ፊት መናፈጥ ነውር መሰለኝ፤ አንዲት ጠርሙስ ከሥራ ቦታ ይዤ ሄድኩ። እንዴት ያለ መድኃኒት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልጋቸው ጎን ተቀምጬ እንደ ጤነኛ መተንፈስ ቻልኩ፤ ሚስቴ ትከሻዬ ላይ ራሷን አስደግፋ ተኝታ ነበር። ኩራት ተሰማኝ። በየሦስት አራት ሰዓቱ ወጣ ብዬ ረጭቼ እመለሳለሁ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣ ብዬ ስመለስ አርፈው ነበር። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ምናልባት ሰባት፤ እጄን ታጥቤያለሁ።

ሚስቴ «የት ነበርክ?» አለችኝ።

«እዚሁ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። የጻፍኩት የአፍንጫውን አጀማመር ለማስረዳት ነው።

ነጋ። አልረጨሁም።

ቅዳሜ 21

አልረጨሁም። አልተኛሁም። ሱቁን ተከራይታለች። ቁልፍ አየሁ፤ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ትንሹ የምን እንደሆነ ልጠይቃት ስል አስነጠሰኝ።

ማክሰኞ 24

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቀኙ ተከፈተ።

ምንም አላደረግኩም። አልጋ ላይ ተቀምጬ ካልሲ ስፈልግ አንዲት ቀጭን ቀዝቃዛ አየር በቀኝ በኩል ገባች፤ ሰው ሳይጋበዝ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚያየው። አልተንቀሳቀስኩም፣ እንዳትደነግጥ ብዬ። ከዚያ ሌላ መጣች። ካልሲ በእጄ እንደያዝኩ እንደ ሐውልት ተቀመጥኩ።

ወደ ስፌት ክፍሉ ሮጥኩ። በካውያ ጨርቅ እየተኮሰች ነበር። የጋለ ጨርቅ ሽታ፣ ከዚያ በታች የማላውቀው ነገር፣ እንደ ሎሚ ቅጠል ያለ።

«ምን ሽታ ነው?»

«ምኑ?»

«አንቺ ጋ ያለው።»

አንገቷን ወደ ትከሻዋ አዘንብላ አሸተተች። «ሳሙናዬ ነው መሰለኝ።»

አዲስ ሳሙና ነው፣ ደስ ይላል አልኳት።

«ከቀየርኩት ዓመት አለፈው» አለች፤ ካውያዋን ወደፊት ገፋች። ጨርቁ ተንፍሶ እንፋሎት አወጣ።

ረቡዕ 25

ዛሬ ግራው ተከለከለ። ጠርሙሶቹን ለተረኛዋ አስረከብኩ፣ ጊዜያቸው ካለፈ መድኃኒቶች ጋር እንዲወገዱ። በጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ስድስት ናቸው?»

«ስድስት ናቸው።»

በጣቷ እየነካች እንደገና ቆጠረቻቸው። ይቺ ሴት መርማሪ መሆን ነበረባት። ሄጄ ጃንጥላዬን አመጣሁ።

ሁለተኛውን ክር በግራ ትንሽ ጣቴ ላይ ራሴ አሰርኩ፤ ሚስቴ ቤት አልነበረችም። አምሽታ መጣች። ግንባሯ ላይ፣ ጸጉሯ ሥር፣ ነጭ ቀለም አለ። ደክሟት ነበር፤ ደስም ብሏት ነበር። ከበሩ ገና ሳትገባ ቀለሙ ሸተተኝ፣ በቀኙ ብቻ። አንድ አፍንጫ ይህን ያህል ከሠራ ሁለቱ ምን ሊሠሩ ነው።

ቅዳሜ 28

ግራው ከቀኙ ይልቅ ግትር ነው። ሚስቴ እሱ ባንተ ወጥቶ ነው አለች።

ማክሰኞ 1

አዲስ ወር። ስሙን አሁንም አልጽፍም፤ አቋሜን መለወጥ አልወድም።

መምህርቷ መጣች፣ ባዶ እጇን። ሐኪሟ ጋ ሄዳለች። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ቀኙ ተከፍቷል። «ትናንት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በኋላ የአርባ ልጅ ካልሲ ሸተተኝ» አለች። «ላመስግንዎት ወይስ ልርገምዎት፣ አላወቅኩም።» የኔን ጠየቀችኝ። ግራው ቀርቷል አልኳት። ቀኝና ግራ ተምታቶብዎት እንደነበር ሰምቻለሁ አለች፣ ፈገግታዋን በመሐረብ ሸፍና። ሐኪሟ ታሪኩን ለተማሪዎች ብቻ አይደለም የነገረችው።

እሑድ 6

ተከፈተ። ሁለቱም።

አፌን ዘግቼ ቤቱን ዞርኩት። ሳሎኑ አቧራ ይሸታል፤ የመጻሕፍት መደርደሪያው ሻጋታ፤ ኮቴ ከምገምተው በላይ እኔን ይሸታል። የስፌት ክፍሉ ከበፊቱ ያነሰ ይሸታል። ጨርቆቹ በካርቶን ገብተዋል። ለሱቁ።

ሰኞ 7

ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ሌሊቱን ስልኬን ትራሱ አጠገብ አድርጌ የራሴን እንቅልፍ ቀዳሁ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ቁርስ ላይ ለሚስቴ ከፍቼ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንድ ሙሉ ደቂቃ አዳመጠች።

«ምንም አይሰማም» አለች።

«ልክ ነሽ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇን ዘርግታ አፍንጫዬን በጣቷ ጫፍ ነካችው፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ። «እንኳን ደስ አለህ። ጎበዝ ነህ። እውነቴን ነው።» ድምፁ ስላማረኝ ዛሬ ሦስት ጊዜ በልቤ ደግሜዋለሁ።

መኝታ ቤቱ ዝግጁ መሆኑን ነገርኳት። ከሁለት ትራስ ወደ አንድ ወርጃለሁ፤ በእሷ በኩል ያለውን መብራት አምፖል ቀይሬያለሁ፤ ከሶፋው ላይ ትራሷን አምጥቼ ቦታው ላይ አድርጌያለሁ። ማንም እንዳላረፈበት እንዲመስል መታ መታ አድርጌ።

ሰዓቷን አየች። «ቅዳሜ እርዳኝ» አለች። «የስፌት መኪናው ለእኔና ለእህቴ ይከብደናል።»

በደስታ አልኳት። መኪናው ወደ ሱቁ ከሄደ የስፌት ክፍሉ የስፌት ክፍል መሆኑን ያቆማል። ሰው ደግሞ ያለምክንያት ሶፋ ላይ አይተኛም።

ዓርብ 11

ነገ ነው። በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ጥርሴን ነከስኩ፤ ይቻላል።

ቅዳሜ 12

የስፌት መኪናውን ተሸክመን ሱቁ አስገባን። እህቷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። ሱቁ ጥሩ ነው፤ ባለ ትልቅ መስታወት፣ ግድግዳው ነጭ። ሌላ ጊዜ «ጋሼ፣ ዛሬስ ለማን መድኃኒት ልታዝ ነው?» እያለች የምትቀልድብኝ እህቷ ዛሬ ዓይኗን አንስታ አላየችኝም። ላቤን ስጠርግ ሚስቴ ከተከራየችው ቫን የቀሩትን ዕቃዎች ማውረድ ጀመረች። የልብስ ሻንጣ፤ መብራት፤ የታጠፈው ክሬም መጋረጃ። ከዚያ በብብቷ ሥር ሰኞ አልጋዬ ላይ ያስቀመጥኩትን ትራስ አየሁ።

«እነዚህ ወደ ላይ ናቸው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ከሱቁ ጀርባ ትንሽ በር አለ። ሚስቴ በትንሹ ቁልፍ ከፈተችው። ሻንጣውን እኔ ያዝኩ። አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፣ ቆጥሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳን አፌን ሳልከፍት ወጣሁት። የቀለም ሽታ፣ የእንጨት ብናኝ፣ አዲስ ጨርቅ፣ ያ ሳሙና። ሁሉም ለየብቻቸው፣ በሁለቱም በኩል። ጠባብ አልጋ ተነጥፏል።

ሻንጣውን አስቀመጥኩ። ሚስቴ በመሐል ቆማ እጆቿን በቀሚሷ ላይ ታብሳለች።

«ነግሬህ ነበር» አለች።

«አዎ። ራሴን ነቅንቄያለሁ።»

ከኪሷ ትንሿን መቀስ አወጣች። መጀመሪያ የቀኝ እጄን ያዘች፣ ከዚያ የግራውን፤ ክሮቹን ቆረጠቻቸው። ጣቶቼ ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል። «ድነሃል» አለች፤ እንባዋን አልጠረገችም፤ እኔም ምንም አላስተማርኳትም። ከእሷ ስለምረዝም መጋረጃውን እንድሰቅልላት ጠየቀችኝ። ወንበር ላይ ወጣሁ። ሠራተኛ ሲሠራ ይለካል፤ ሜትሯን ጠይቄ ለካሁ።

መስኮቱ አንድ ሜትር ከአሥር በአንድ ሜትር ከሃያ ነው። መጋረጃው ልኩ ነው።